ደንበኛዬን ምን ብዬ ላስፈርም?

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። ለዓመታት ተቀጥሬ ከሠራሁ በኋላ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይቼ የራሴን የምክር አገልግሎት ከፍቻለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ። ግን ከደንበኞቼ ጋር በቃል ብቻ ስለምስማማ እየተቸገርኩ ነው። ቀጠሮ ይዘው የሚቀሩ አሉ። ብር ልጠይቅ ስል ይሉኝታ ይይዘኛል። የአንዲት የ16 ዓመት ልጅ እናት ‹የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ምን እንዳለችሽ ንገሪኝ› ብላ ተቆጣችኝ። አንድ ባል ደግሞ ለፍቺ ክሱ ‹ሚስቴ ያለችውን ጽፈሽ ስጪኝ› አለኝ። በመጨረሻ ከኢንተርኔት ላይ ዘጠኝ ገጽ የእንግሊዝኛ ውል አውርጄ አስተረጎምኩ። ከኩታበር የመጡ አንዲት እናት ወረቀቱን ሲያዩ ‹ልጄ፣ ምን ልታስፈርሚኝ ነው?› ብለው ተነሥተው ሄዱ። አልተመለሱም። ለመሆኑ በእኛ አገር ይህ ወረቀት ያስፈልጋል? ካስፈለገስ ምን ይጻፍበት?

ግራ የገባኝ፣ ከደሴ»

እህት ዓለም፣

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ። አዎ፣ ያስፈልጋል። ያ ዘጠኝ ገጽ ግን አያስፈልግም።

የጻፍሽልኝን ችግሮች አንድ በአንድ ሳያቸው ምንጫቸው አንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን መባል የነበረበት ነገር ሳይባል ቀርቷል። ያቺ እናት ገንዘብ የከፈለ ሰው ሁሉን የመስማት መብት ያለው መስሏታል። እንዳልሆነ ማንም አልነገራትም። ባልየው አንቺን የእሱ ምስክር አድርጎ ቆጥሮሻል። ከቀጠሮ የቀረው ሰው ያቺ ሰዓት ለአንቺ የዕለት እንጀራሽ መሆኗን አላሰበም። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይመስለኝም። አልተነገራቸውም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ስለዚህ ወረቀቱን ስትጽፊ ፍርድ ቤቱን ትተሽ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው አስቢ። ሰው ሆዱን ከመዘርገፉ በፊት የት እንደገባ ማወቅ አለበት። የሚናገረው ነገር የት እንደሚቀር፣ ስንት እንደሚከፍል፣ መቼ በቃኝ ማለት እንደሚችል ማወቅ አለበት። ይህን ሳያውቅ ያወራ ሰው በኋላ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እኔ ስምምነቱን የምቆጥረው የምክሩ የመጀመሪያ ክፍል አድርጌ ነው። ደንበኛሽ ታማኝነትሽን የሚለካው እዚያ ላይ ነው።

በሕጉ በኩል ብዙ አትጨነቂ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ውል የሚጸናባቸውን ነገሮች በአንቀጽ 1678 አስቀምጧል። ተዋዋዮቹ ችሎታ ያላቸውና በነጻ ፈቃዳቸው የተስማሙ ይሁኑ፤ ጉዳዩ በደንብ የታወቀ፣ የሚቻልና ሕጋዊ ይሁን፤ ሕጉ የተለየ አሠራር ካዘዘ ያ ይጠበቅ ይላል። ሕጉ የተለየ አሠራር ካላዘዘ ደግሞ በአንቀጽ 1719 መሠረት ውል በቃልም ይጸናል። እንግዲህ አንቺ ከእያንዳንዱ ደንበኛሽ ጋር ዛሬም ውል አለሽ ማለት ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ግን ሁለታችሁም አታውቁትም።

አንድ ነገር ልብ በዪ። አንቀጽ 1728 ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይናገራል። ስለዚህ እኒያን የኩታበር እናት ቀለም አስነክተሽ አውራ ጣታቸውን ብታስደርጊ ኖሮ ትርፍሽ እሳቸውን ማስፈራራት ብቻ ነበር።

እስቲ በእሳቸው ቦታ ሆነሽ አስቢው። በእኛ አካባቢ ለአንዲት የገጠር እናት ፈርሚ ተብሎ ወረቀት የሚቀርብላት መቼ ነው? ብድር ሲኖር፣ መሬት ሲካፈል፣ ክስ ሲመጣ። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ከገባ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው ስሙን ለስንት መዝጋቢ ተናግሯል። ወረቀት የያዘ ሰው ሲያይ የሚጨንቀው አለ። እሳቸው ልባቸው ቆስሎ ሰው ፍለጋ መጡ። የጠበቃቸው ዘጠኝ ገጽ ነው።

እንዲህ ብታደርጊ ይሻላል። አስቀምጪያቸው። ውሃ ስጪያቸው። መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠይቂ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ይሁን፤ እስክሪብቶው ግን መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። ከዚያ በራስሽ አፍ ንገሪያቸው፦

«እማማ፣ ከመጀመራችን በፊት ጥቂት ነገር ልንገርዎት። እዚህ የሚነግሩኝ ነገር ከእኔ አይወጣም። የሚወጣበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው፤ እሱንም አሁኑኑ እነግርዎታለሁ። በየሳምንቱ ማክሰኞ እንገናኛለን፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። ክፍያው ይህን ያህል ነው። ካልተስማማዎት በማንኛውም ቀን ማቆም ይችላሉ። ይህ ወረቀት አሁን ያልኩትን ነው የያዘው። መሬትም ብድርም የለበትም።»

ቀጥለሽ አንድ ነገር ጠይቂ። «እስቲ ምን እንዳልኩዎት በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ።» «ለማንም አትናገሪም፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እመጣለሁ፣ ብሩ ይህን ያህል ነው» ካሉሽ ተግባብታችኋል። ያልተያዘ ነገር ካለ እንደገና ንገሪያቸው። በፋይላቸው ላይ «በዚህ ቀን አንብቤላቸው፣ ገብቷቸው ተስማምተዋል» ብለሽ ጽፈሽ አንቺ ፈርሚ። ለእንዲህ ያለ ደንበኛ ይህ ይበቃል።

ወረቀቱን ለማንበብ ጊዜ የሚፈልግ ሰው ቤቱ ይዞት ይሂድ። ነገር ግን መጀመሪያ ጠይቂ። ከባሏ ወይም ከአማቷ ተደብቃ የምትመጣ ሴት ቦርሳዋ ውስጥ ያንቺ ስምና ማኅተም ያለበት ወረቀት ቢገኝ ጣጣው የእሷ ነው። ለእሷ ቅጂው ቢሮ ይቀመጥላት። ስትፈልግ መጥታ ታየዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሚስጥር።

ከጀርባሽ ሕግ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 በሙያ የታወቀን ሚስጥር ማውጣት ያስቀጣል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ከቶታል። ደንበኛሽን እንቅልፍ የሚነሣው ግን አንቀጹ አይደለም። የአክስቱ ልጅ ትሰማ ይሆን ብሎ ነው የሚጨነቀው። ደሴ ትልቅ ከተማ ናት፤ ሆኖም ከሰኞ ገበያ እስከ ሆጤ ሰዉ በዝምድናም በጉርብትናም የተያያዘ ነው። «ሚስጥርዎ የተጠበቀ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር እዚህ ከተማ ማንንም አታሳምንም።

ዝርዝሩን ጻፊው። ማስታወሻሽ የት እንደሚቆለፍና ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ። በር ላይ የምትቀመጠው ልጅ ስምና ሰዓት ከመመዝገብ ያለፈ ነገር እንደማታውቅ፣ እሷም ሚስጥር ለመጠበቅ እንደፈረመች። በቴሌግራም የሚላክልሽ መልእክት ለቀጠሮ ብቻ እንደሆነ፣ የሆድ የሆድን እዚያ ላይ እንዳይጽፉ። ስልክሽን ልጆችሽ የሚነኩት ከሆነ ለሥራ ሌላ ስልክ ያዢ፤ ያንንም በጽሑፍ አሳውቂ። ከሌላ ባለሙያ ጋር ስለ አንድ ጉዳይ ስትማከሪ ስምና መለያ እንደማትጠቅሺ ጻፊ። አንድ ሰው ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ሩብ ሰዓት ያህል ክፍተት እንደምትተዪም ግለጪ። ሰዎች በር ላይ ከመገጣጠም ይድናሉ። ይህቺ ትንሽ ነገር ስንቱን ሰው እንደምታሳርፍ ስታዪው ይገባሻል።

ከውጭ በመጣ ፎርም ላይ እኛ በሚያስፈልገን መልክ የማይጻፍ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሰላምታ ነው።

ወሎ ውስጥ የሚያውቁትን ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ቆሞ፣ ተጨባብጦ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠይቆ ነው የሚታለፈው። እንግዲህ ደንበኛሽን ከሚስቱ ጋር ፒያሳ ላይ አገኘሽው እንበል። ሞቅ አድርገሽ ሰላም ካልሽው ሚስቱ «ከየት ታውቃታለህ?» ትላለች። ዝም ብለሽ ካለፍሽው ደግሞ «ጉዴን ስለነገርኳት ናቀችኝ» ብሎ ያድራል። ሁለቱም ያቆስላሉ። መፍትሔው በመጀመሪያው ቀን መነጋገር ነው። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፈዋለሁ፦

«ከቢሮ ውጭ ብንገናኝ እኔ ቀድሜ ሰላም አልልዎትም። ረስቼዎት ወይም ንቄዎት አይደለም፤ ሚስጥርዎን ለመጠበቅ ነው። እርስዎ ሰላም ካሉኝ በደስታ ሰላም እላለሁ። ከየት እንደምንተዋወቅ ግን ከእኔ አይሰማም።»

ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም ትገናኛላችሁ። አንድ እድር ውስጥ ልትሆኑም ትችላላችሁ። ሰዉ የተያያዘ ነውና ይህን ሁሉ መሸሽ አይቻልም። የቅርብ ዘመድሽን፣ የቤት አከራይሽን፣ የልጅሽን አስተማሪ ግን አትቀበዪ። ወደ ሌላ ባለሙያ ላኪያቸው። ይህም በወረቀቱ ላይ ይኑር። ያኔ የአጎትሽ ልጅ መጥታ እምቢ ስትያት ሕጌ ነው ትያታለሽ፤ አትቀየምሽም።

ቀጥሎ ሚስጥር የሚወጣባቸው ጊዜያት። እዚህ ላይ አትለሳለሺ። አንዳንድ ባለሙያዎች ደንበኛው እንዳይደነግጥ ብለው ይህን ክፍል በደቃቃ ፊደል ታች ይወሽቁታል። እኔ ከላይ አድርጊው እላለሁ። ደንበኛው ራሱን ሊያጠፋ እንደሆነ ካወቅሽ፣ ሌላ ሰው ሊገድል ወይም ክፉኛ ሊጎዳ እንደሆነ ካወቅሽ፣ ሕፃን እየተደፈረ ወይም እየተጎዳ መሆኑን ካወቅሽ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘሽ። እነዚህ ናቸው። በእነዚህም ጊዜ ቢሆን የምትናገሪው ለሚመለከተው ብቻ፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እንደሆነ ጻፊ። በተቻለ መጠንም አስቀድመሽ ለራሱ ለደንበኛው እንደምትነግሪው ግለጪ።

ከዚሁ ጋር አንድ ክፍት ቦታ ተዪ። «ክፉ ሰዓት ቢመጣ ማንን ልጥራ?» የሚል ጥያቄ ይሁን። ስምና ስልክ ይሞላበታል። ሰውየውን አንቺ አትምረጪለት። የትዳር ጓደኛ ወይም አባት ነው ብለሽ አትገምቺ፤ አንዳንዱን ሰው ያሳመመው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። አንዲት ሴት የጎረቤቷን ስም ብትሰጥሽ ምክንያት አላት። ደግሞም አንቺ ሌሊት የሚደወልልሽ የድንገተኛ አገልግሎት እንዳልሆንሽ በግልጽ አስቀምጪ። «ስልኬን ባላነሣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ» ብለሽ ጻፊ። ይህን ያልጻፈ ባለሙያ አንድ ቀን ሌሊት ያልተመለሰ ጥሪ ልቡን ይሰብረዋል።

ወደዚያች የ16 ዓመት ልጅ እንምጣ። 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ በሕግ አካለ መጠን አልደረሰችም። ስለዚህ ለአገልግሎቱ የወላጅ ወይም የአሳዳሪ ፈቃድ ያዢ። ፈቃዱ ግን ልጅቷ ያለችውን ሁሉ የማወቅ ፈቃድ እንዳልሆነ ወላጇ ከመፈረሟ በፊት ትወቅ። እናቲቱን ከልጅቷ ጋር አብረሽ አስቀምጪያቸው። በሁለቱም ፊት እንዲህ በዪ፦ «ልጅሽ በአደጋ ላይ ከሆነች በዚያው ቀን አሳውቅሻለሁ። ከዚያ ውጭ የምትነግረኝ እኔ ዘንድ ይቀራል። በየወሩ አንድ ቀን ሦስታችን ተቀምጠን በአጠቃላይ እንዴት እየሆነች እንደሆነ እንነጋገራለን። ምን እንደምናወራ አስቀድሜ ከእሷ ጋር እመክራለሁ።» እናት የምትቆጣው ስለምትፈራ ነው። ልጇ አደጋ ላይ ብትሆን ከሰው ሁሉ በኋላ የምሰማ እኔ ነኝ ብላ ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስትሰማ አብዛኛው ቁጣዋ ይበርዳል። ልጅቷም ትፈርም። ፊርማዋ በሕግ ባይጸናም በእኩል ሰው ቆጠርሽኝ የሚል ስሜት ይሰጣታል። የልጅቷ ልብ ከሌለበት ደግሞ የእናቷ ፊርማ ብቻውን ምንም አይሠራም።

ከፋይና ተገልጋይ የሚለያዩበት ሌላም ጉዳይ እዚህ ወሎ በሽ ነው። ጅዳ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለች እህት ለወንድሟ ምክር ብር ትልካለች። ቀን ከሌሊት ደክማ ያገኘችው ብር ነው። ታዲያ ደውላ «ጫቱን አቆመ ወይ? ምን አለሽ?» ብትል ይፈረድባታል? አይፈረድባትም። ሆኖም መልስ ልትሰጪያት አትችዪም። ስለዚህ ለከፋይ አንድ አጭር የተለየ ወረቀት አዘጋጂ። በዚያ ወረቀት የሚነገራት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሟ ስንት ቀን እንደመጣና ስንት ብር እንደተከፈለ። ከዚያ በላይ እንድትሰማ ከፈለገ ወንድሟ ራሱ ይንገራት፤ ወይም በጽሑፍ ይፍቀድ። ደንበኛ የሚልክልሽ ድርጅት ከሆነም ያው ነው። ሪፖርት ምን ይዞ እንደሚሄድ ደንበኛው አስቀድሞ ይየው። እርዳታው የሚቋረጥበት መስሎት ያልሆነውን እንዳይናገር ይረዳዋል።

አሁን ባልየው። የባልና ሚስት ምክር የራሱ ወረቀት ይኑረው። ሁለቱም ይፈርሙ። እዚያ ላይ ሦስት ነገር አስገቢ። አንደኛ፣ አንዳቸው ለብቻ ደውለው የሚነግሩሽን ነገር ምን እንደምታደርጊው። እኔ «ለብቻ የሚነገረኝን የሁለታችሁን ምክር የሚነካ ነገር ደብቄ አልይዝም» የሚለውን እመርጣለሁ። ሌላ አቋም ያላቸው ጥሩ ባለሙያዎችም አሉ። ዋናው አንዱን መርጠሽ መጻፍሽ ነው። ሁለተኛ፣ ማስታወሻው የሁለቱም ስለሆነ ሁለቱም ካልፈቀዱ ለማንም አይሰጥም። ሦስተኛ፣ አንቺ አማካሪ እንጂ ምስክር አይደለሽም። ጉዳዩ መደበኛ ፍርድ ቤትም ይሂድ ሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ለአንዱ ወገን ደብዳቤ አትጽፊም። ፍርድ ቤት በትእዛዝ ከጠራሽ ግን ሕግ ነውና ትቀርቢያለሽ፤ የሕግ ባለሙያ አማክረሽ፣ የተጠየቅሽውን ብቻ ትመልሻለሽ።

እንግዲህ ከፍርድ ቤቱ ይልቅ የሚከብድሽ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰው ሦስት አባቶች በር ላይ ይቆማሉ። «ልጄ፣ እኛ ለማስታረቅ ነው። ነገሩ ከማን እንደሆነ ብቻ ጠቁሚን» ይላሉ። ዓላማቸው መልካም ነው። ወሎ በሽማግሌና በዱአ ስንቱን ጠብ አብርዶ የኖረ አገር ነው። ተነሥተሽ ተቀበያቸው፤ ወንበር ስጪያቸው። መልሱ ግን ይህ ይሁን፦ «አባቶቼ፣ ለዕርቅ መነሣታችሁን አከብራለሁ። እኔ ግን የተባለውን ቀርቶ ማን እዚህ እንደመጣ እንኳ መናገር አልችልም። እንዲህ ብዬ ፈርሜያለሁ።» በእኛ ዘንድ ፊርማሽን መጠበቅሽን ሽማግሌ ይረዳልሻል። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ሲሉ ነው ያደጉት። ይሉኝታ የሚያሸንፍሽ የምትጠቅሺው ነገር ስታጪ ነው። ወረቀቱ ያኔ ለአንቺም ጋሻሽ ነው።

ስለ ገንዘብ ደግሞ በቁርጥ ልንገርሽ። «ኧረ ግድ የለም፣ ሲመችህ» ማለት ጨዋነት ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ዕዳ ያለበት ደንበኛ አፍሮ ይቀራል። አንቺ የአንድ ቀን ብር ታጫለሽ፤ እሱ ግን ሕክምናውን ያጣል። መንገድ ላይ ሲያይሽም ይሸሻል። ስለዚህ ዋጋው በቁጥር ይጻፍ። ክፍያው ከመግባት በፊት ይሁን። በቴሌብር ወይም በባንክ ከሆነ ደግሞ የማረጋገጫ መልእክቱ ላይ የሚወጣው ስም የማን እንደሆነ አሳውቂ። ባልና ሚስት አንድ ስልክ የሚጠቀሙ ከሆነ መልእክቱን ሌላው ያነበዋል። መክፈል ለማይችሉ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ከመደብሽ መመዘኛውን ጻፊው፤ ለማን እንደምትቀንሺ በዕለቱ ስሜትሽ አይወሰን።

ቀጠሮ ለመሰረዝ 24 ሰዓት አስቀድሞ ማሳወቅ የሚለው የተለመደ ነው፤ ያዢው። ሳያሳውቅ የቀረ ግማሹን ይክፈል ካልሽም ያስኬዳል። ለቅሶና ሕመም ግን ከሕጉ ውጭ እንደሆኑ በጽሑፍ ይኑር። ሰው የጎረቤቱን ቀብር ትቶ ቀጠሮ አያከብርም፤ እንዲያከብር መጠበቅም ደግ አይደለም። ከገጠር ለሚመጡም በክረምት መንገድ ሲበላሽ ደውለው ከተናገሩ ይበቃል። አርብ የጁምዓ ሰዓት ላይ ቀጠሮ አትስጪ። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገቡ ሰዓት እንደምትቀያይሪ ጥቀሺ። በስልክ ወይም በቪዲዮ ከውጭ ለሚያገኙሽ ደግሞ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊላቸው። ደሴ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን ጅዳ ያለች እህት ስልኳ ላይ የምታየው 10 ሰዓት ነው። ዱባይ ካለች 11 ነው። ብዙ ቀጠሮ የሚበላሸው በዚች ነው።

ምን እንደምትሠሪና ምን እንደማትሠሪ በሁለት ሦስት መስመር ይበቃል። የትምህርት ደረጃሽና የሥራ ፈቃድሽ። መድኃኒት እንደማታዢ። እንደምትፈውሺ ቃል እንደማትገቢ። ጠበል የሚጠመቁትን፣ ዱአ የሚያስደርጉትን እንደማትከለክዪ፤ ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት ግን ሐኪሙን ሳያማክሩ እንዳያቆሙ። ማርና ቅቤ ይዘው ለሚመጡ ደግሞ ምስጋናሽን አስቀድመሽ አድርሰሽ፣ ስጦታ እንደማትቀበዪ እዚያው ላይ ብታሰፍሪ ፊት ለፊት ከመመለስ ያድንሻል።

ሁሉንም ስትጽፊ በእርስዎታ ጻፊ። ዓረፍተ ነገሮቹ አጭር ይሁኑ። «ተቀባዩ ወገን ከዚህ በላይ በተጠቀሰው» የሚል ነገር ካየሽ ሰርዢ። ሁለት ገጽ ይበቃል። ስትጨርሺ ለማታውቂው ሰው አስነብቢው፤ የሻይ ቤት ባለቤት ወይም የባጃጅ ሾፌር ይሁን። አንብቦ መልሶ ካልነገረሽ ገና ነው። ከከሚሴ ወይም ከባቲ የሚመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪ ደንበኞች ካሉሽ በኦሮምኛም አዘጋጂ። ቋንቋውን ከሚያውቅ ባለሙያ ጋር ሥሪው። የደንበኛውን ዘመድ አስተርጓሚ አታድርጊ፤ ያኔ ሚስጥሩ ገና ሳይጀመር ወጣ። ከዚያ አንድ ጠበቃ ይይልሽ። በተለይ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ልጆችና ስለ ክፍያ የጻፍሽውን።

ነባር ደንበኞችሽን በተመለከተ፣ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ለማስፈረም አትሩጪ። በየቀጠሯቸው መጀመሪያ ላይ አሥር ደቂቃ ወስደሽ አነጋግሪያቸው። «አሠራሬን በጽሑፍ አድርጌዋለሁ፤ እስቲ አብረን እንየው» በያቸው። ዋጋና የመቅረት ቅጣት ለእነሱ የሚጀምረው ከሚቀጥለው ወር ይሁን፤ ያለፈውን አታንሺባቸው። የሚስጥሩን ክፍል ግን ከዛሬ ጀምሮ አስረጂያቸው። አንዳንዱ እዚያ ላይ ቆም ብሎ «እስከዛሬ የነገርኩሽስ?» ብሎ ይጠይቅሻል። በዚያ ቀን ሌላ ነገር አትጀምሪ። ቁጭ ብለሽ መልሺለት፤ የቆለፍሽበትን ሳጥን አሳዪው።